ታኝኮ የመጣ መጽሐፍ

ዘርጋው ብሩን የሰደቡት መምህር ልሳነወርቅ ዓለሙ ናቸው። ቀኑ ሐምሌ 19 ቀን 2049 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ከድሮው የእህል መጋዘን ጀርባ የተተከለው የአባቱ የለቅሶ ድንኳን። መምህሩ ግራጫ ኮት ለብሰው ነበር፤ የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ወልቋል። ዘርጋው ይህን ሁሉ ሳያዛንፍ ያስታውሳል። የራሱን የልደት ቀን ሲጠይቁት ግን ትንሽ ያስባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰልስቱ ሟች ካቆመበት ገጽ ጀምሮ ለቀስተኛው ተራ በተራ ማንበቡ ያኔም እንደዛሬው ደንብ ነበር። የሚጀምረው የበኩር ልጅ ነው። መምህር ልሳነወርቅ የእድሩ አስነባቢ ስለነበሩ ቆመው «ገጽ ሰማንያ ሰባት፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ማንበቢያውን አቃና። ዘርጋውም አቃና። የእሱ ግን ፈሳሹ ነበር።

ፈሳሹ ገጽ የለውም። እንደ አንባቢው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ያጥራል። አስረኛ ክፍል የጨረሰ ደረቁን ይመርጣል፤ ደረቁ ለማንም ብሎ አይንቀሳቀስም፣ ሰማንያ ሰባት ያለው ሰማንያ ሰባት ነው። ከዚያ በታች የተማረው ፈሳሹ ይመደብለታል፤ መዝገቡ ላይ «ደረጃ ስምንት» ተብሎ ከተጻፈ መጽሐፉ ሁሉ በስምንተኛ ክፍል ልክ ተሰፍቶ ይመጣል። ዘርጋው ከስምንተኛ አቋርጦ የፀሐይ መስታወት አጣቢ የሆነ ሰው ነው። ሰማንያ ሰባትን ከየት ያምጣ? በግምት ወደታች ገፋ ገፋ አደረገና ከተገኘው ቦታ ጀመረ። የተገኘው ቦታ ሙሽራው ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ አማቶቹ ቤት የገባበት ነበር።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የአባቱ እህት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

መምህር ልሳነወርቅ እጃቸውን ዘረጉና ማንበቢያውን ከእጁ ወሰዱ። «ተወው ልጄ» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። «የአንተ ታኝኮ ነው የመጣው። ጥርስ ያለው ያንብብ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዓመቱ ይረሳዋል። ዘርጋው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱን ሲያዘጋጅ ኖረ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ መስታወት ሲያጥብ ያዘጋጃል፤ ውሃ ሲቀዳ ያሳምረዋል። በአፉ «መምህር» እና «እርስዎ» ይላል እንጂ በልቡ «አንተ ልሳነወርቅ» ነው የሚላቸው። የአባቱም መጽሐፍ ለዘርጋው አልተላለፈም። ሟች የተወው መጽሐፍ የሚሰጠው ደረቅ ለደረቅ፣ ፈሳሽ ለፈሳሽ፣ ያው ቅርጽ ላለው ወራሽ ብቻ ነው፤ አለዚያ በመቶኛው ቀን ይዘጋል። ተዘጋ።

በ2060 የቅርጽ ምርጫ ሲከፈት ሄዶ ነበር። ምርጫው በየአስራ አንድ ዓመቱ ለሦስት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። ከአስረኛ ክፍል በታች የሆነ ሰው ደረቁን ከፈለገ አንድ ገጽ ያነባል፣ የደረቅ አንባቢም ይመሰክርለታል። ሚስቱን ይመናሹን ይዞ ሄደ። «ለባል ሚስት አትመሰክርም» አለች የቀበሌዋ ሴት። ቀጥላም ቀና ሳትል፣ «ደግሞስ ላንተ ምን ያደርግልሃል?» አለችው። ሰኔ 27፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። እሷም በልቡ መዝገብ ውስጥ ገባች።

ይመናሹ ግን ሌላ ሰው ነበረች። አስራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ የደረቅ አንባቢ፣ በዚህም ተኩራርታበት የማታውቅ። የድንኳኑን ነገር ከሰማች በኋላ ያንኑ የአባቱን መጽሐፍ ለራሷ አወጣች። ስለ ሁለት የጨው ነጋዴ ወንድማማቾች ነው፤ ታላቁ ታናሹን በሰው ፊት ያዋርደዋል፣ ሃያ ዓመት ይለያያሉ። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ እሷ ከደረቁ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ በፈሳሹ ይከተላል።

«አንቺ ጋ ቃል በዛ» ይላታል።

«አንተ ጋ ደግሞ መንገዱ አጠረ። ቶሎ ትደርሳለህ» ትለዋለች።

እያነበበች በአውራ ጣቷ ጥፍር የማንበቢያዋን መስታወት ዳር ዳሩን ትጭረዋለች። ምንድነው ሲላት «መስመር እያሰመርኩ ነው» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። ክረምቱን ሙሉ አንብበው የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ «ይህን አንተ አንብብልኝ» አለች። ዘርጋው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላት። ታላቁ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ ታናሹ አቀፈው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዘርጋውም አለቀሰ። በሕይወቱ ለሰው መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ያ የመጀመሪያው ነበር። ይመናሹ አንገቱን አቅፋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ይመናሹ የሞተችው መጋቢት 20 ቀን 2071 ነው።

ሰኔ 28፣ በዘጠና ስምንተኛው ቀን፣ ዘርጋው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። ምርጫው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከነገ ወዲያ የእሷ መጽሐፍም ይዘጋል። ዓይኗ ያረፈበት፣ ጥፍሯ የጫረው፣ ያልታኘከው። ሰልፈኛው አብዛኛው ወጣት ነው፤ መጽሐፉን በጆሮ የሚያሰማውን ድምፁን መርጦ ጣቱን አስነክቶ ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ «ቅርጽዎ ያውቅዎታል» ይላል። ከሥሩ የመፀዳጃ ቤት ቀስት አለ።

ምስክሩ ጎረቤቱ እትዬ ሉባባ ናቸው። አስር ሰዓት ተኩል ሲል ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሐያት የምትባል ወጣት ሠራተኛ፣ «ጣትዎን እዚህ» አለቻቸው። አስነኩ። መስታወቱ ቢጫ ሆነ።

«ትናንት ወደ ድምፅ ቀይረዋል» አለች ሐያት።

«አዎን ቀይሬያለሁ! ልብስ እያጠብኩ ልስማው ብዬ ነዋ። ዓይኔ እኮ እንዳለ ነው፣ ይኸው!»

«ለመመስከር የደረቅ አንባቢ መሆን አለብዎት።»

«እንግዲያው መልሽኛ!»

«ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ይችላሉ።»

እትዬ ሉባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይ የኔ ነገር! ዘርጋው፣ በአላህ ይዤሃለሁ እንዳትቀየመኝ። ‹ነጻ ነው፣ ነጻ ነው› ሲሉ ጊዜ ጣቴን አስነካሁ እኮ።»

ዘርጋው እሳቸውንም መዝገቡ ውስጥ ሊያስገባቸው ፈልጎ ነበር። ቀኑን፣ ሰዓቱን ያዘ። የለበሱት ቢጫ ሻሽ ግን ያኔ ይመናሹን ሲገንዙ አንገታቸው ላይ የነበረው ነው። ተወው።

እትዬ ሉባባ በዚህ የሚያበቁ ሴት አይደሉም። አዳራሹን በዓይናቸው ዞሩትና ጥግ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዩ። ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። «አባባ!» አሉ ከሩቅ። «እርስዎ ደረቅ ነዎት ፈሳሽ?»

«ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ደረቅ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ዘርጋው ድምፁን አወቀው። ፊታቸው ሟሙቷል፤ ጥርሳቸው ረግፎ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋርዷል። ኮቱ ግን ግራጫ ነው። ቁልፉም እንደወለቀ ነው፤ ወይ ሌላ ኮት ነው፣ ወይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቁልፍ የሚተክልላቸው ሰው አልነበረም።

«ይህ ልጅ ገጽ ያነባል፣ ምስክር አጣ። ይመስክሩለት» አሉ እትዬ ሉባባ፣ ከዘራውን ራሳቸው እያቀበሉ።

«እትዬ፣ ይተዉዋቸው» አለ ዘርጋው። «እኔ...»

«ምን እተዋቸዋለሁ! አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ይነሡ አባባ።»

መምህር ልሳነወርቅ በከዘራ እየዳበሱ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ሐያት የሁለቱንም ማመልከቻ አየች። «እርስዎም ለመቀየር ነው የመጡት» አለቻቸው። «ከደረቅ ወደ ፈሳሽ።»

«ደረቁን ማየት ካቃተኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ፈሳሹ ፊደሉን ያሳድጋል አሉኝ። እንደ ዳቦ የሚያክል ፊደል።»

«ያሳድጋል። እንግዲህ ከቀየሩ በኋላ መመስከር አይችሉም፤ ምስክርነቱ ይቅደም። የእርስዎ ምድብ ደረጃ አራት ነው።»

«ምን አራት?»

«አራተኛ ክፍል። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ አራት ነው።»

«የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ።»

«ሥርዓቱ ያስተማሩትን አያይም፣ መምህር። የሚያየው ዕድሜዎን ነው።» ሐያት ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ለሠላሳ ሰው ብላዋለች።

ዘርጋው ሰማ። ስምንትና አራት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀጣቸው ቆይቶ እንዲህ ያለ ቅጣት በሐሳቡ መጥቶለት አያውቅም፤ ሥርዓቱ በነጻ ሰጠው። ይጣፍጠኛል ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን አንዴ አንገታቸውን ነቀነቁና ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። አልጣፈጠውም።

«የሁለቱ ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው፤ ሟቿ ካቆሙበት ይከፈታል» አለች ሐያት። «አንድ ገጽ ያነባሉ። ምስክሩ ይከተላሉ።»

«በጆሮዬ እከተላለሁ» አሉ መምህሩ። «የወንድማማቾቹ መጽሐፍ ከሆነ በቃሌ ነው።»

በዘርጋው እጅ ያለው ማንበቢያ በራ። ዘርጋው መጀመሪያ ያየው ከታች ያለውን ቁጥር ነው፤ ሦስት መቶ አርባ ሁለት። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ጣቱን ቢያስነካው አይንቀሳቀስም። ዳርና ዳሩ ባዶ ሜዳ አለው። ፈሳሹ ከዳር እስከ ዳር ጽሑፍ ነው፤ ይህን ያህል ባዶ ቦታ ለምን እንደተተወ አልገባውም።

እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሣ ጀመረ።

«ታላቁ መንገዱ መሐል ቆመ። ‹ሃያ ዓመት ቂም ስትሸከም አልደከመህም ወይ? አንድ ቃል መልስልኝ› ብሎ ተ... ተማጸነው።»

ቂም። የእሱ ፈሳሽ ውስጥ «ኩርፊያ» ነበር የሚለው። ቃሉን ከቤቱ ያውቀዋል እንጂ መጽሐፍ ውስጥ አይቶት አያውቅም። ቀጠለ። አሁን ታናሹ ያቅፈዋል።

«ታናሹ የግመሉን ጭነት አጠበቀ። ወንድሙን አንድ ጊዜ አየው። መልስ ሳይሰጠውም ሄደ።»

ዘርጋው ቆመ። ማቀፉ የት አለ? ዓይኑን መስመሩ ላይ አስኬደ፤ ከመስመሩ ማብቂያ ቀጥሎ፣ ዳር ላይ፣ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ዘመም ዘመም ያለ። ደረቁ እንዲህ ያለም ፊደል አለው ለካ ብሎ፣ ማቀፉ እዚህ ይሆናል ብሎ፣ ሳያቋርጥ አነበበ።

«መልስ ሳይሰጠውም ሄደ ይህን ምዕራፍ ዘርጋው እንዲያነብልኝ አደረግሁ በእሱ ውስጥ ይታረቃሉ አለቀሰ ደስ ብሎት ነበር እንዲህ መሆኑን አልነገርኩትም አልነግረውም...»

«ቆይ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ።

ቆየ።

«መጽሐፉ ‹ሄደ› ላይ ያልቃል። አሁን ያነበብከው የመጽሐፉ አይደለም። ዳሩ ላይ የሰው እጅ የጻፈው ነው።»

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። «ዝም በል አንተ!» አሉ እትዬ ሉባባ። ዘርጋው ድንኳኑ ውስጥ ተመልሶ የገባ መሰለው። ሙሽራው ሱሪውን ገልብጦ እንደገና አማቶቹ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ያነበበው ነገር የገባው። መስመር ማስመር አልነበረም። ስትጽፍ ነበር። አንገቱን አቅፋ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። እሷም አኝካ ሰጥታዋለች፤ ያውም በገዛ አፉ።

«ከጽሑፉ ውጭ አስራ ስድስት ቃል» አለች ሐያት፣ መስታወቷን እያየች። «ስህተት ብሎ ቆጥሮታል። ውሳኔው የምስክሩ ነው።»

ሰዓቱ አስራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ይላል።

መምህር ልሳነወርቅ ከዘራቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደገፉ። «የተጻፈውን ሁሉ አነበበ» አሉ። «ያልተጻፈ አላነበበም። ስህተቱ የቱ ላይ ነው?» አውራ ጣታቸውን ዘረጉ፤ የመስኮቱን መስታወት አልፈው እንጨቱን ነኩ። ሐያት ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አኖረችው። አረንጓዴ ሆነ።

«ተላልፏል» አለች። «መጽሐፉ የእርስዎ ነው፣ አቶ ዘርጋው።»

ማንበቢያው በእጁ ውስጥ ትንሽ ከበደ። ወይም መሰለው።

«ዘርጋው አልሽው?» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸውን ወደ እሱ፣ ከእሱ ትንሽ ወደ ጎን፣ አዞሩ። «ጽሑፉም ዘርጋው አለ። የብሩ ልጅ ዘርጋው አይደለህም? ሙሽራውን ያነበብክልን!» ድድ ብቻ በቀረው አፋቸው ፈገግ አሉ። «ያን ቀን እንዴት ሳቅን! ብሩ ራሱ ቢሰማ በሳቀ ነበር። የሆነ ነገር ብዬህም ነበር መሰለኝ... ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠፋኝ።»

ዘርጋው አልጠፋበትም።

«መምህር፣ ሰዓቱ» አለች ሐያት። «ጣትዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያስነኩ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ፤ አየር ላይ ያዙት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሰልፉ ተደብቀው፣ «ልጄ» አሉ። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ በፈሳሹ ኖረሃል። ልጠይቅህ። ሰው ውስጡ ሆኖ ያውቀዋል? የጎደለበትን ነገር... ያውቀዋል ወይ?»

መልሱ ሃያ ሁለት ዓመት የተሳለ ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ፣ ቃል በቃል፣ ተሰልፎ ቆሟል፤ ጥርስም አለበት፣ ማኘክም አለበት። ሌላም መልስ አለ፤ አሁን የመጣ፣ አዲስ፦ አያውቀውም፣ መምህር፤ ደስ ይለዋል፣ ያለቅሳል፣ አጠገቡ የምትወደው ሴት ዝም ትላለች። የቱን ይንገራቸው? የመጀመሪያው ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ደግሞ እውነት ነው።

ከዘራቸው ከመስኮቱ ጠርዝ ሊንሸራተት ሲል አየው። ያዘውና እጃቸው ውስጥ አስገባላቸው።

ከዚያ የማንበቢያውን ማሰሪያ አጠበቀ። ሽማግሌውን አንድ ጊዜ አየ፣ በእትዬ ሉባባ አጠገብ አለፈ፣ የአዳራሹንም በር ገፍቶ ወጣ። ከኋላው መስታወቱ «ተመዝግቧል» ሲል ሰማው። አልዞረም።